መንገድ የምታቋርጠው ኤሊ ወዴት እየሄደች ነው?

ጥያቄው የመጣው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከሚኖሩ አባት ነው። አሳጥሬ ላስቀምጠው።

«ባለፈው ሰኔ ከቤተሰቤ ጋር ወደ ኦሽን ሲቲ ስንሄድ፣ ረግረግ መሬት አቋርጦ በሚያልፍ መንገድ ላይ አንዲት ኤሊ አየን። ጀርባዋ ላይ ቀለበት በቀለበት የሆነ ቅርጽ አለ። ቆዳዋ ግራጫ ሆኖ ጥቁር ነጠብጣብ አለው። መኪናዬን አቁሜ አነሳኋትና ወደ ውኃው መልሼ ለቀቅኳት። የ9 ዓመቷ ልጄ ‹ቤት እንውሰዳት› ብላ አለቀሰች። ታላቅ ወንድሟ ደግሞ ‹ይቺ እኮ የዩኒቨርሲቲያችን ኤሊ ናት፣ እየጠፋች ነው› አለ። ያደረግኩት ልክ ነው? እውነት እየጠፋች ነው? ውኃ ዳር ቤት ያለው ጓደኛችንም ሸርጣን በወጥመድ ይይዛል። ወጥመዱ ኤሊ ይገድላል የሚባለው እውነት ነው?»

ጤና ይስጥልኝ። በቅድሚያ ስለቆሙላት አመሰግናለሁ። አብዛኛው ሰው አይቶ ያልፋል።

ማንሳትዎ ልክ ነው። የመለሷት ግን ወደወጣችበት ነው። በሰኔ ከውኃ ወጥታ አስፋልት የምታቋርጥ እንዲህ ያለች ኤሊ መንገድ ጠፍቷት አይደለም። እንቁላል ልትጥል ደረቅ አሸዋ እየፈለገች ነው። ወደ ውኃው ሲመልሷት ትንሽ ታርፍና ያንኑ መንገድ እንደገና ትጀምረዋለች። አንድ ጊዜ የምታቋርጠውን አስፋልት ሁለት ጊዜ ልታቋርጠው ነው ማለት ነው። ስለዚህ ለሚቀጥለው፣ ፊቷን ወዳዞረችበት አቅጣጫ አሻግረው ይልቀቋት። ስላለፈው ግን አይጨነቁ። ከመኪና ጎማ አትርፈዋታል፤ ዋናው እሱ ነው።

ለምን ዋናው እንደሆነ በደንብ ላስረዳዎት። ስለዚች ኤሊ የምሰማው ወሬ አብዛኛውን ጊዜ ስለ እንቁላልና ስለ ጫጩት ነው። ጫጩቶቹ በጣም ያምራሉ፣ ሰውም ይወዳቸዋል። የዝርያው ዕጣ የሚወሰነው ግን በትልልቆቹ ነው። እርስዎ በእጅዎ የያዟት ዓይነት፣ ዕድሜዋ የገፋ እናት ናት ሁሉንም ነገር የተሸከመችው።

ስሟ ዳይመንድባክ ቴራፒን ነው። ልጅዎ እውነቱን ነው፣ የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ምልክት ናት። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) በ1932 ሐሳቡን ያመጣው ከርሊ በርድ የሚባል የፉትቦል አሠልጣኝ ነበር። የተወለደው ክሪስፊልድ ውስጥ ነው። ክሪስፊልድ ቼሳፒክ ቤይ በሚባለው ባሕረ ሰላጤ ምሥራቃዊ ዳርቻ ያለች የዓሣ አጥማጆች ከተማ ናት፤ በዚያ አካባቢ ቴራፒን ሞልቶ ነበር። ዛሬ ተማሪዎቹ ፈተና ሲደርስ አፍንጫውን እያሻሹ የሚያልፉት የነሐስ ሐውልት የእሷ ነው። በ1994 ደግሞ ሜሪላንድ የግዛቷ ምልክት አድርጋ መረጠቻት።

የምትኖረው ከማሳቹሴትስ፣ ከኬፕ ኮድ ጀምሮ በአትላንቲክ ዳርቻ ቁልቁል፣ ፍሎሪዳን ዞሮ እስከ ቴክሳስ ድረስ ነው። ካርታ ላይ ሲያዩት ረጅም ነው። ወርዱ ግን ከባሕሩ ጠርዝ እምብዛም አያልፍም። ወንዝ ከባሕር በሚገናኝበት፣ ውኃው ጨውም ንጹሕም ሳይሆን ድብልቅ በሆነበት ረግረግ ብቻ ትኖራለች። ወደ ውስጥ ገብታ ሐይቅና ወንዝ ውስጥ አትሰፍርም። ወደ ጥልቁ ባሕርም አትወጣም። አሜሪካ ውስጥ ሙሉ ሕይወቷን በዚህ ድብልቅ ውኃ የምታሳልፍ የኤሊ ዝርያ እሷ ብቻ ናት። አገር ቤት የምናውቃት፣ በየብስ ላይ ዝግ ብላ የምትሄደው ኤሊ ከእሷ ጋር የሩቅ ዘመድ ናት። ቴራፒን ዋናተኛ ናት። የኋላ እግሮቿ ሰፋፊ ናቸው፤ በጣቶቿ መካከል እንደ ዳክዬ እግር ቆዳ ተዘርግቷል።

አሁን ስለ ጨው። ይህ በጣም የምወደው ክፍል ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

ረግረጉ ውስጥ ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል። በበጋ ፀሐይ ሲጠና ውኃው በጣም ጨዋማ ይሆናል። ጨዋማ ውኃ ውስጥ የሚኖር እንስሳ ሁሉ አንድ ችግር አለበት። ውኃ መሐል ሆኖ ይጠማል። ቴራፒን ዓይኗ አጠገብ ጨው የሚያስወጣ ዕጢ አላት፤ ትርፉን ጨው በእንባ መልክ ታፈሰዋለች። ዕጢው ግን እንደ ትልልቆቹ የባሕር ኤሊዎች ኃይለኛ አይደለም። ንጹሕ ውኃ ሳታገኝ ሳምንታት ከቆየች ሰውነቷ እየደረቀ፣ ክብደቷ እየቀነሰ ይሄዳል።

ታዲያ ንጹሕ ውኃ ከየት ታመጣለች? ከዝናብ። ንጹሕ ውኃ ከጨዋማው ይቀላል። ስለዚህ ዝናብ ሲዘንብ ወዲያው አይደባለቅም፤ ከላይ በጥቂት ሚሊ ሜትር ውፍረት ይንሳፈፋል። ኤሊዋ ይህንን ታውቃለች። ዝናብ ሲጀምር ከታች ትወጣለች። አንገቷን ትዘረጋና ከላይኛው ስስ ውኃ ብቻ ትጠጣለች። ከሥር ያለውን አትነካም። አንዳንዶቹ አፋቸውን ወደ ሰማይ ከፍተው ጠብታውን ይቀበላሉ። በራሳቸው እግር ወይም በሌላ ኤሊ እግር ጠርዝ ላይ የተጠራቀመውን ዝናብ ሲጠጡም ታይተዋል። አንድ ከባድ ዝናብ ለብዙ ቀን ያቆያታል።

የምትበላው ቀንድ አውጣ፣ ትናንሽ ሸርጣን፣ ቅርፊት ያላቸው የጭቃ ውስጥ እንስሳት ነው። መንጋጋዋ እነዚህን ለመሰባበር የተሠራ ነው። በተለይ የሴቷ ጭንቅላት ትልቅ ነው፣ ትልልቁን ቀንድ አውጣ ሳይቀር ታደቀዋለች። ይህ ለረግረጉ ትርጉም አለው። ረግረጉን የያዘው ስፓርቲና የሚባል ረጅም ሳር ነው። ቀንድ አውጣው በሳሩ ላይ ይወጣል፣ ቅጠሉን ይፍቃል፣ ቁስሉ ላይ የሚበቅለውን ሻጋታ ይበላል። ጥቂት ሲሆን ችግር የለውም። ሲበዛ ሳሩን ይገድለዋል። በ2002 የወጣ ጥናት አለ። ተመራማሪዎቹ ጆርጂያ ውስጥ ቀንድ አውጣ የሚበሉ እንስሳት እንዳይገቡ ረግረጉን በአጥር ከለሉ። በ8 ወር ውስጥ አረንጓዴው ሁሉ ባዶ ጭቃ ሆነ። ቀንድ አውጣውን የሚበላው ቴራፒን ብቻ አይደለም፣ ሰማያዊው ሸርጣንም ይበላዋል። እሷ ግን ከጠባቂዎቹ አንዷ ናት። ያ ሳር ማዕበል የሚያበርደው፣ ዓሣ የሚያሳድገው፣ የባሕሩን ዳርቻ አፈር የሚይዘው ነው።

ክረምቱን ከኅዳር ጀምሮ ጭቃ ውስጥ ተቀብራ ታሳልፋለች። እስከ መጋቢት ድረስ አትበላም ማለት ይቻላል። ውኃው ሲሞቅ ትወጣለች፣ ወንድና ሴት ይገናኛሉ። ወንዱ ትንሽ ነው፤ የጀርባው ርዝመት ከ13 ወይም 14 ሳንቲ ሜትር ብዙ አይበልጥም። ሴቷ እስከ 23 ሳንቲ ሜትር ትደርሳለች። ይህንን የመጠን ልዩነት ያዙልኝ፣ ኋላ እመለስበታለሁ።

ከዚያ የእርስዎ ወር ይመጣል፣ ሰኔ።

ሴቷ ባሕሩ ሲሞላ ከውኃው ትወጣለች። የምትፈልገው ውኃ የማይደርስበት፣ ፀሐይ የሚያገኘው፣ ሳር ያልበዛበት አሸዋ ነው። ሳር ከበዛ ሥሩ እንቁላሉ ውስጥ ገብቶ ያበላሸዋል። አፍንጫዋን ወደ አሸዋው ዝቅ አድርጋ ትሄዳለች። ቦታው ካልተመቻት ትታው ታልፋለች። ሲመቻት የኋላ እግሮቿን በየተራ እያስገባች ትቆፍራለች። ጉድጓዱ አፉ ጠበብ፣ ሆዱ ሰፋ ያለ ነው። ጥልቀቱ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከ8 እስከ 12 እንቁላል ትጥላለች። እንቁላሎቹ ቅርፊታቸው ለስላሳ ቆዳ ይመስላል፣ ቀለማቸው ነጭ ሆኖ ወደ ሮዝ ያደላል። ከዚያ አሸዋውን መልሳ ትሞላለች፣ በሆዷ ትጠቀጥቀዋለች፣ ዱካዋን ታበላሻለች። ከጨረሰች ዞራ አታይም፤ ወደ ውኃው ትመለሳለች።

እንግዲህ እንቁላሉ ብቻውን ቀረ። ራኩን የሚባለውን እንስሳ ጓሮዎ ውስጥ ሳያውቁት አይቀሩም። ቆሻሻ ማጠራቀሚያ የሚገለብጠው ነው። ሌሊት ይመጣና የእንቁላሉን ሽታ ተከትሎ ይቆፍራል። ጎጆው በብዛት የሚጠፋው በመጀመሪያዎቹ አንድና ሁለት ሌሊቶች ነው። ከዚያ በኋላ፣ በተለይ ዝናብ ከጣለ፣ ሽታው ይጠፋል። ኒው ዮርክ ውስጥ ጃማይካ ቤይ በሚባለው ረግረግ በ1990ዎቹ መጨረሻ በተደረገ ጥናት ራኩን ከ10 ጎጆ 9 ያህሉን አጥፍቶ ተገኝቷል። ቀበሮና ቁራም አሉ። ራኩን ድሮም ነበር። አሁን የበዛው ግን እኛ በየቤታችን ስለምንቀልበው ነው። ቆሻሻችን ሲበዛ እሱም ይበዛል።

የተረፈው እንቁላል ከሁለት እስከ ሦስት ወር አሸዋ ውስጥ ይቆያል። ጾታው የሚወሰነው በሙቀት ነው። ከ28 ዲግሪ በታች ከሆነ ወንድ፣ ከ30 በላይ ከሆነ ሴት ይበዛል። ጫጩቷ ስትወጣ ርዝመቷ 3 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ነው፤ ሃምሳ ሳንቲም ላይ ቢያስቀምጧት ብዙ አትተርፍም። ሰው ሁሉ ወደ ውኃ የምትሮጥ ይመስለዋል። አትሮጥም። ወደ ሳሩ ትሄዳለች። ባሕሩ ተፍቶት በሄደው ደረቅ ሳር ሥር ትደበቃለች፤ እዚያ ትንሽ ትንሽ ነፍሳት እየበላች ታድጋለች። ለዚህ ነው ትልልቆቹን እያዩ ለዓመታት የሚሠሩ ሰዎች እንኳ ትንሿን የሚያገኙት ከስንት አንዴ የሆነው። ዘግይተው የተፈለፈሉት አንዳንዶቹ ክረምቱን እዚያው ጎጆ ውስጥ ያሳልፉና በጸደይ ይወጣሉ።

አሁን ሒሳቡን ይመልከቱ። ወንዱ ለመውለድ ጥቂት ዓመት ይበቃዋል። ሴቷ ግን በደቡብ 6 ወይም 7 ዓመት፣ በሰሜን ደግሞ 8 ዓመትና ከዚያ በላይ ይፈጅባታል። ከዚያ በኋላ 30 ዓመትና ከዚያ በላይ ልትኖር ትችላለች። በየዓመቱ አንድ ወይም ሁለት ጊዜ፣ አንዳንዴም ሦስት ጊዜ እንቁላል ትጥላለች። በዕድሜዋ ሙሉ ከጣለቻቸው መቶዎች ውስጥ ሁለቱ ብቻ አድገው እሷንና ባሏን ከተኩ ዝርያው ባለበት ይቆያል። ስለዚህ የአንድ ዓመት እንቁላል ሁሉ በራኩን ቢበላ ያሳዝናል እንጂ ዓለም አያልቅም፤ በሚቀጥለው ዓመት ትመለሳለች። እሷ ከሞተች ግን የሚቀጥሉት 20 ዓመታት ሰኔዎች ሁሉ አብረው ሞቱ። በዚያ ላይ ቴራፒን ሰፈሯን አትለቅም። ከዓመት ዓመት የምትኖረው እዚያው ወንዝ ውስጥ፣ እዚያው ጥግ ነው። አንድ ሰፈር ባዶ ከሆነ ከጎረቤት መጥቶ የሚሞላው የለም፣ ቢኖርም በጣም ቀስ ብሎ ነው።

ትልልቆቹን የሚገድላቸው ምንድን ነው? ዛሬ በዋናነት ሁለት ነገር ነው፣ መኪናና ወጥመድ። ሁለቱ ደግሞ የሚገድሉት የተለያየ ነው።

መኪናው የሚገድለው እናቶቹን ነው፤ ወንዱ ወደ የብስ ምን ያወጣዋል። ነገሩ እንዲህ ነው። ድሮ ከረግረጉ ፊት ለፊት ባለው ደሴት ላይ ትልልቅ የአሸዋ ጉብታዎች ነበሩ። አሁን እዚያ ላይ ሆቴልና ቤት ተሠራ። ወደዚያ ለመሄድ ደግሞ ረግረጉን የሚያቋርጥ መንገድ ያስፈልጋል፤ አፈርና አሸዋ ተደልድሎ ከፍ ተደርጎ ይሠራል። ለኤሊዋ ያ የመንገድ ዳር ልክ የምትፈልገው ነው። ከፍ ያለ፣ ደረቅ፣ ፀሐይ የሚያገኘው፣ ሳር ያልበዛበት። ወደዚያ ትወጣለች። ጊዜው ደግሞ ሰው ሁሉ ወደ ባሕር የሚጎርፍበት ነው። ኒው ጀርሲ ውስጥ ስቶን ሃርበር ላይ ያለው ዌትላንድስ ኢንስቲትዩት ከ1989 ጀምሮ በእንቁላል ወቅት መንገዱን ይጠብቃል። ከመንገድ ዳር አጥር ይሠራሉ። በመኪና ከተገጨች እናት ሆድ ውስጥ እንቁላል አውጥተው፣ አሙቀው ይፈለፍላሉ። ልብ የሚነካ ሥራ ነው። እነሱ ራሳቸው ግን አጥሩን የሚሠሩት እናቲቱ መጀመሪያውኑ እንዳትሞት ነው።

በነገራችን ላይ ኒው ዮርክ ኬኔዲ አየር ማረፊያ አውሮፕላን ዘግይቶብዎት የሚያውቅ ከሆነ፣ ምናልባት በእሷ ይሆናል። ከመንደርደሪያዎቹ አንዱ ጃማይካ ቤይን ተጠግቶ ያልፋል። በ2011 ሰኔ መጨረሻ ላይ 150 ያህል ቴራፒኖች መንደርደሪያው ላይ ወጥተው በረራ እንዲዘገይ ሆኖ ነበር። ሠራተኞች በፒክአፕ እየጫኑ አነሷቸው። አየር ማረፊያው በኋላ እንዳይወጡ መከላከያ ሠራ።

ወጥመዱ ደግሞ ሌላ ነው። ጓደኛዎ የሚጠቀመው የሽቦ ሣጥን እያንዳንዱ ጎኑ 60 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ነው። መሐሉ ላይ የዓሣ ማባበያ አለ። ከውጭ ሰፊ፣ ወደ ውስጥ ጠባብ የሆኑ መግቢያዎች አሉት። ሸርጣን ገብቶ መውጫው ይጠፋዋል። ሸርጣን ውኃ ውስጥ ስለሚተነፍስ ቢያድርም ችግር የለበትም። ኤሊ ግን ሳንባ ነው ያላት። የዓሣው ሽታ ስቧት ትገባለች። አየር ለመውሰድ ወደ ላይ ስትዋኝ ሽቦው ይይዛታል። በበጋ ውኃው ሞቃት ስለሆነ ሰውነቷ ብዙ አየር ይፈልጋል፤ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ትሰምጣለች። አንዷ ከገባች ሌሎቹም ይከተላሉ።

አሁን የመጠኑን ነገር ያስታውሱ። ትልቋ ሴት በመግቢያው አታልፍም። የሚያልፉት ወንዶቹና ለመውለድ ያልደረሱት ሴቶች ናቸው። ስለዚህ ወጥመድ በበዛበት ሰፈር ወንዱ ያልቃል። መንገድ በበዛበት እናቲቱ ታልቃለች። ሁለቱም ያለበት ቦታ ምን እንደሚተርፍ መገመት አይከብድም።

ከሁሉ የከፋው የተረሳ ወጥመድ ነው። ገመዱ ይበጠሳል፣ ወይም ባለቤቱ ትቶት ይሄዳል። ሽቦው ግን ማጥመዱን አያቆምም። ጆርጂያ ውስጥ ተመራማሪዎች በአንዲት ትንሽ የባሕር ወንዝ ሁለት የተጣሉ ወጥመዶች አገኙ። በሁለቱ ውስጥ የ133 ቴራፒኖች ቅሪት ነበር። 94ቱ በአንዱ ብቻ። ይህ የአንድ ሰፈር ኤሊ በሙሉ ሊሆን ይችላል። ማንም ክፉ አላሰበም፤ አንድ ሰው ሣጥኑን ረስቶ ሄደ፣ በቃ።

«እየጠፋች ነው ወይ» ላሉት፣ አንድ ጊዜ ልትጠፋ ደርሳ ተርፋለች። የድሮው ምክንያት ድስት ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የቴራፒን ወጥ የሀብታም ምግብ ሆነ። በቅቤ፣ በክሬምና ሼሪ በሚባል ወይን ተሠርቶ በየትልልቁ ግብዣ ይቀርብ ነበር። በ1891 ከሜሪላንድ ውኃ የተያዘው 89,000 ፓውንድ ገደማ ነበር። በ1920 ወደ 823 ፓውንድ ወረደ። 29 ዓመት ብቻ! ያዳናት ደግሞ ማንም ያላሰበው ነገር ነው። አሜሪካ በ1920 መጠጥ ስትከለክል ወይኑ ጠፋ። ከዚያ የኢኮኖሚው ድቀት መጣ። ፋሽኑ አለፈ። ኤሊዋም ቀስ በቀስ አንሠራራች፤ ወደ ድሮው ቁጥሯ ግን አልተመለሰችም።

የሕግ ጥበቃው የመጣው ቆይቶ ነው። ሜሪላንድ ለንግድ መያዝን የከለከለችው በ2007 ነው። ኒው ጀርሲ ውስጥ በ2013 ከሁለት ቦታ ብቻ ከ3,500 በላይ ትልልቅ ቴራፒን ተይዞ ከግዛቱ ወጣ። ሕዝቡ ተቆጣ፤ በ2016 እዚያም ተከለከለ። ኒው ዮርክ በ2018 ተከተለች። ዛሬ በዓለም አቀፉ መዝገብ ለመጥፋት ተጋላጭ ከሚባሉት ውስጥ ናት። በማሳቹሴትስና በሮድ አይላንድ በሕግ ልዩ ጥበቃ አላት። ስለዚህ መልሴ፣ ነገ ጠዋት አትጠፋም፣ ግን በየሰፈሩ እየተመናመነች ነው የሚል ነው። ረግረጉም ራሱ እየጠበበ ነው። በአንድ በኩል ባሕሩ ከፍ ይላል። በቼሳፒክ ባለፉት 100 ዓመታት 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ወጥቷል፤ መሬቱም እዚያ እየሰጠመ ነው። በሌላ በኩል ሰው ቤቱን ለመጠበቅ የድንጋይ ግንብ ይገነባል። ኤሊ ግንብ አትወጣም። ውኃ ዳር ቤት ያለው ሰው ዳርቻውን በድንጋይ ፋንታ በሳርና በአሸዋ ቢያስጠብቅ ለእሱም ለእሷም ይበጃል። ሜሪላንድ ይህንን በ2008 በሕግ አስደግፋዋለች።

ተስፋ የሚሰጠኝን አንድ ቦታ ልንገርዎት። ፖፕላር አይላንድ ይባላል፣ ቼሳፒክ ቤይ መሐል ያለ ደሴት ነው። በ1847 ከ1,100 ኤከር በላይ ነበር። ውኃው እየሸረሸረው በ1990ዎቹ ጥቂት ኤከር ብቻ ቀረ። ከ1998 ጀምሮ ወደ ባልቲሞር ወደብ ከሚወስደው የመርከብ መስመር በሚወጣው ደለል እንደገና ተሠራ። አሸዋው ገና ከመደልደሉ ቴራፒኖች መጥተው እንቁላል መጣል ጀመሩ። ማንም አላመጣቸውም። ራኩንና ቀበሮ ስለሌሉ አብዛኛው ጎጆ አይበላም። ከ1980ዎቹ ጀምሮ በሜሪላንድ ይህችን ኤሊ ሲያጠኑ የኖሩት ዊለም ሩዘንበርግ እዚያ ለዓመታት ጎጆዎቹን ሲከታተሉ ቆይተዋል። ከደሴቱ የተፈለፈሉ ጫጩቶች የተወሰኑት ወደ ሜሪላንድ ትምህርት ቤቶች ይሄዳሉ። ተማሪዎች ክረምቱን ሙሉ ይመግቧቸዋል፣ ይለኳቸዋል፣ በጸደይ ይለቋቸዋል። ሙቀትና ምግብ ስለማይጎድልባቸው በአንድ ክረምት ዱር ውስጥ ዓመታት የሚፈጀውን ያህል ያድጋሉ። ልጅዎ ቤት መውሰድ ከፈለገች፣ የሚሻለው ይህ ነው፤ ትምህርት ቤቷ በዚህ ፕሮግራም ውስጥ እንዳለ መምህሯን ይጠይቁላት። ከዱር አንስቶ መውሰድ ግን በሜሪላንድ ክልክል ነው። ክልክል ባይሆንም የያዟት እናት ነበረች። ለእርስዎ አንድ የቤት እንስሳ፣ ለዚያ ረግረግ ግን ከጥቂት እናቶቹ አንዷ። ልጅቷ በዕድሜዋ ይህ የሚገባት ይመስለኛል።

ለሚቀጥለው ሰኔ ደግሞ እንዲህ ያድርጉ። መጀመሪያ የራስዎ ደኅንነት፤ መኪናውን ከመንገድ ውጪ አውጥተው ያቁሙ፣ ልጆቹ ከመኪና አይውረዱ። በሁለት እጅ ከፊትና ከኋላ እግሮቿ መካከል፣ ጎንና ጎኗን ይያዙ። በጅራቷ አያንሷት፣ አከርካሪዋ ይጎዳል። ልትቧጥጥ ትችላለች፣ ስለዚህ ወደ መሬት ዝቅ አድርገው ይሂዱ። ፊቷን ወዳዞረችበት በኩል፣ ከአስፋልቱ ጠርዝ ራቅ አድርገው ያስቀምጧትና ይሂዱ። «የተሻለ ቦታ» ብለው በመኪና ሌላ ጋ አይውሰዷት፤ ሰፈሯን ፍለጋ ስትንከራተት ሌላ መንገድ ታቋርጣለች። እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ። ቅርፊቷ ተሰንጥቆ ካገኟት የሞተች አይምሰልዎት። የተሰነጠቀ ቅርፊት ይድናል፣ በሆዷም እንቁላል ይኖር ይሆናል። በካርቶን አድርገው ፈቃድ ወዳለው የዱር እንስሳት ሐኪም ይውሰዷት፣ ያገኙበትንም ቦታ በትክክል ይጻፉ፤ ስትድን የምትመለሰው እዚያው ነው።

የቀረው ጓደኛዎ ነው። በሜሪላንድ ውኃ ዳር ቤት ያለው ሰው ከራሱ ዳርቻ ሁለት ወጥመድ ብቻ ነው መጣል የሚችለው። በእያንዳንዱ መግቢያ ላይ ኤሊ የሚከለክል ትንሽ አራት ማዕዘን ማጥበቢያ ማሰር ግዴታው ነው። 4.5 በ12 ሳንቲ ሜትር ነው። ሸርጣን ጠፍጣፋ ስለሆነ በጎኑ ያልፋል። የኤሊ ጀርባ ጎባጣ ስለሆነ አያልፍም። ዋጋው ጥቂት ዶላር ነው፤ አንዳንድ ድርጅቶች በነጻ ይሰጣሉ። በብዙ ሙከራ የሸርጣኑ ምርት ይህ ነው የሚባል ቅናሽ አላሳየም። ሕጉ እያለ ብዙ ሰው አያስርም፣ ወይ አያውቅም፣ ወይ ሸርጣኑ የሚቀንስበት ይመስለዋል። ጓደኛዎ ሲጠራችሁ መጀመሪያ ወጥመዱን አውጥቶ እንዲያሳይዎት ይጠይቁት። ማጥበቢያ ከሌለው እዚያው ፕላስቲክ ማሰሪያ ይዘው አብረው ይሥሩት፣ ከአሥር ደቂቃ በላይ አይፈጅም። ሸርጣኑ ሲያልቅና ቤቱን ቆልፎ ሲመለስ ደግሞ ሁለቱንም ወጥመድ ከውኃው አውጥቶ ጋራዥ ያስገባ።